የቦሮሃይድራይድ ሃይድሮሊሲስ በከባድ ውሃ፦ ደብረ ብርሃን ላይ ቁጥሩ ለምን አልገጠመም?

ብርሃን_ኬሚ · ሰኞ ጠዋት 4፡10

ሰላም ለዚህ ቤት። የሶዲየም ቦሮሃይድራይድን (ቦሮንና ሃይድሮጅን ያለበት ጨው) ሃይድሮሊሲስ፣ ማለትም በውሃ መፈራረስ፣ በብረታ ብረት ካታሊስት (ማፋጠኛ) እያስኬድን የሚወጣውን ሃይድሮጅን በቡሬት (ምልክት ባለው የመስታወት ቱቦ) እንለካለን። የምንፈልገው በተራ ውሃና በከባድ ውሃ (ሃይድሮጅኑ በከባዱ አይሶቶፕ በዲዩተሪየም የተተካ ውሃ) መካከል ያለውን የፍጥነት ልዩነት ነው። ላቡ ደብረ ብርሃን ነው ያለው። ሁለት ነገር አልገጠመንም።

አንደኛ፣ 37.8 ሚሊ ግራም ማለትም 1 ሚሊሞል ስንጨምር በ20 ዲግሪ 98 ሚሊ ሊትር ጋዝ ይወጣል ብለን ባለ 100 ቡሬት ገጠምን። ጋዙ ቡሬቱን ጨርሶ ከታች አረፋ እያደረገ ወጣ። ግፊቱን 1018 ሄክቶፓስካል ነው የወሰድነው፣ ከስልክ የአየር ሁኔታ መተግበሪያ።

ሁለተኛ፣ የተራ ውሃው ፍጥነት ለከባድ ውሃው ሲካፈል አንድ ቀን 3.6፣ ሌላ ቀን 1.6 መጣ። ካታሊስቱ ኮባልት ክሎራይድ ነው፤ ፍላስኩ ውስጥ ሲገባ ወዲያው ይጠቁራል። ዋተር ባዝ የለንም። የትኛውን ቁጥር እንመን?

ጣርማበር · ሰኞ 4፡55

የመጀመሪያው የባሮሜትር ጉዳይ ነው፣ ኬሚስትሪው ጋ ገና አልደረሳችሁም። መተግበሪያው የሚያሳየው ግፊት ወደ ባሕር ወለል ተመልሶ የተሰላ ነው፤ ደብረ ብርሃን ሁን ጅቡቲ፣ ከ1010 እስከ 1020 መካከል ሲዋልል ነው የሚታየው። ደብረ ብርሃን ያለችው 2800 ሜትር ከፍታ አካባቢ ነው፤ እዚያ በእውነት ያለው ግፊት 72 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። ስልኩ የራሱ የግፊት ሴንሰር ካለው የሴንሰሩን ጥሬ ንባብ የሚያሳይ መተግበሪያ ጫንና እሱን ውሰድ።

አብረን እናስላው። 1 ሚሊሞል ቦሮሃይድራይድ 4 ሚሊሞል ሃይድሮጅን ይሰጣል። ቡሬቱ ውስጥ ያለው ጋዝ በውሃ እንፋሎት የጠገበ ስለሆነ በ20 ዲግሪ 2.34 ኪሎፓስካል ይቀነሳል፤ 69.66 ይቀራል። በዚህ ግፊት 4 ሚሊሞል የሚይዘው 140 ሚሊ ሊትር ነው። ጋዙ አልበዛም፣ ቡሬቱ ነው ያነሰው። ግማሹን ውሰዱ፤ 0.5 ሚሊሞል፣ 18.9 ሚሊ ግራም፣ 70 ሚሊ ሊትር ይሰጣችኋል።

እስካሁን ሚሊ ሊትሩን ወደ ሚሊሞል የቀየራችሁት በ1018 ከሆነ ሁሉም ቁጥር በ43 በመቶ ተነፍቷል። የሁለቱ ውሃዎች ንጽጽር ላይ ስህተቱ ይጣፋል፤ የምርት መጠኑ ላይ ግን ከ100 በመቶ በላይ እየሰጠ ግራ ያጋባችኋል።

ቆላ_ሮቢት · ሰኞ 5፡20

ጣርማበር ያለውን ለማጠናከር ያህል፦ ሸዋ ሮቢት 1280 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ግፊቱ 87 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። በ28 ዲግሪ ያው 1 ሚሊሞል 120 ሚሊ ሊትር ይሰጣል። አንድ ዞን ውስጥ ሆነን እንኳ በ«ሚሊ ሊትር በደቂቃ» መነጋገር አንችልም። ውጤት ስትለጥፉ በ«ሚሊሞል በደቂቃ» አድርጉት፣ ግፊቱንና ሙቀቱንም አብራችሁ ጻፉ።

እነዋሪ · ሰኞ 6፡05

ብርሃን፣ አንድ ጥያቄ። 3.6 በመጣበት ቀን የትኛውን ውሃ በስንት ሰዓት ነው የሠራችሁት? በ1.6ቱስ ቀን?

ብርሃን_ኬሚ · ሰኞ 6፡30

3.6 በመጣበት ቀን ከባዱን ጠዋት 2፡30 ላይ፣ ክፍሉ 13 ዲግሪ ሳለ። ተራውን ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ፣ 19 ዲግሪ። 1.6 የመጣ ቀን ተራውን ጠዋት አስቀድመን ከባዱን ከሰዓት ነው የሠራነው። ሙቀቱ ያን ቀንም ከዚያ ብዙም አይለይም።

እነዋሪ · ሰኞ 7፡15

እንግዲያው መልሱ እዚያው አለ። የደብረ ብርሃን ጠዋትና ከሰዓት ናቸው አይሶቶፕ መስለው የመጡት።

የዚህን ሪአክሽን የማግበሪያ ኃይል 50 ኪሎጁል በሞል ብንወስድ፣ 16 ዲግሪ አካባቢ እያንዳንዱ ዲግሪ ፍጥነቱን 7 በመቶ ያህል ይለውጣል። 6 ዲግሪ ማለት 1.5 እጥፍ ነው። አንደኛው ቀን ከባዱ ውሃ ብርዱን ስለተሸከመ ልዩነቱ በ1.5 ተባዛ፤ ሁለተኛው ቀን ተራው ስለተሸከመ በ1.5 ተካፈለ። 3.6ን በ1.6 አባዙት፣ 5.76 ነው፤ ስኩዌር ሩቱ 2.4። እውነተኛው ቁጥር እዚያ አካባቢ ይመስለኛል። ይህን ግን እንደ ውጤት አትጻፉት፤ ስህተቱ ከየት እንደመጣ ለማሳየት ብቻ ነው ያሰላሁት።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ሰፋ ያለ የፕላስቲክ ሳፋ ውሰዱና 15 ሊትር ውሃ ሙሉበት፤ ማታውኑ ክፍሉ ውስጥ ይደር። ፍላስኩ እስከ አንገቱ ይጥለቅ። ሳፋው ከስተረሩ (ማግኔት አዙሮ ከሚያማስለው መሣሪያ) በላይ መቀመጥ ስላለበት ታቹ ስስና ጠፍጣፋ ይሁን፤ ወፍራም ከሆነ ማግኔቱ ይዘላል። ስተረሩ 15 ሊትር የማይሸከም ዓይነት ከሆነ 5 ሊትርም ይበቃል፣ ብቻ ቴርሞሜትሩን ፍላስኩ ውስጥ፣ ከመፍትሄው ጋር አገናኙት። ክፍሉ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቴርሞሜትር ለዚህ ሥራ አይረዳም፤ ሪአክሽኑ ራሱ ያሞቃልና። 1 ሞል ቦሮሃይድራይድ ሲሃይድሮላይዝ 210 ኪሎጁል አካባቢ ይለቃል። 0.5 ሚሊሞል በ10 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ ቢያልቅና ሙቀቱ መውጫ ቢያጣ 2.5 ዲግሪ ከፍ ያደርጋል። ፈጣኑ ሙከራ የራሱን ሙቀት ሳያስወጣ ይጨርሳል፣ ቀርፋፋው ግን ያስወጣል፤ ስለዚህ ተራው ውሃ ከሚገባው በላይ የፈጠነ ይመስላል።

ቅደም ተከተሉንም ቀይሩት። ተራ፣ ከባድ፣ ከባድ፣ ተራ፤ አራቱም በአንድ ቀን። ካታሊስቱ እየደከመ ወይም ክፍሉ እየሞቀ ቢሄድ በሁለቱም ላይ እኩል ይወድቃል።

መምህር_ሞላሌ · ሰኞ ማታ 1፡40

ልጆች፣ ሙቀቱና ግፊቱ በሚገባ ተነግሯል። እኔ የካታሊስቱን ላንሳ፣ ምክንያቱም ብርሃን ባጭሩ «ወዲያው ይጠቁራል» ብሎ ያለፈው ነገር ዋናው አደጋ ነው።

ኮባልት ክሎራይድ በራሱ ካታሊስቱ አይደለም። ቦሮሃይድራይዱ ኮባልቱን ሪዱስ ያደርገውና (ኤሌክትሮን ይሰጠውና) ጥቁር ኮባልት ቦራይድ ይወጣል፤ የሚሠራው የዚያ ጥቁር ዱቄት ገጽ ነው። ይህ ከጥንት የሚታወቅ ነው፤ ሽሌሲንገር፣ ብራውንና ባልደረቦቻቸው በ1953 ባሳተሙት ሥራ ሃይድሮጅንን ለማውጣት የኮባልት ጨውን ከፍ አድርገው አሳይተዋል። አሁን አስቡት፦ ዱቄቱ በተራ ውሃ ውስጥ ሲፈጠርና በከባድ ውሃ ውስጥ ሲፈጠር የቅንጣቱ መጠን አንድ ላይሆን ይችላል። ገጹ ከተለየ ፍጥነቱም ይለያል። እናንተ ግን ልዩነቱን ሁሉ በአይሶቶፑ ታሳብባላችሁ።

ስለዚህ ካታሊስቱ አንድ ጊዜ፣ በአንድ ዕቃ፣ በተራ ውሃ ይዘጋጅ። ከሱ ለሁሉም ሙከራ ይከፋፈል። በሴንትሪፊዩጅ ለይታችሁ ሦስት ጊዜ በተራ ውሃ እጠቡ፤ ለከባዱ የሚሆነውን ድርሻ ሌላ ሦስት ጊዜ በጥቂት ከባድ ውሃ እጠቡት፣ በየጊዜው 1 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ተራውንም ድርሻ እኩል ቁጥር ያህል እጠቡ፣ ያለዚያ አንዱ ብዙ ዱቄት አጥቶ ይገባል። እንዳይደርቅ ተጠንቀቁ። ሃይድሮጅን የጠጣ ደረቅ ኮባልት ቦራይድ አየር ሲነካው ሊነድ ይችላል፤ ማጣሪያ ወረቀት ላይ ትታችሁ አትሂዱ።

ገንዘቡ ካለ ከዚህ የሚሻለው በካርቦን ላይ ያለ ሩተኒየም ወይም ፕላቲነም ነው፣ 5 በመቶው። ተመዝኖ ይገባል፣ ገጹ አስቀድሞ ያለ ነው። ፓላዲየምን ግን ለዚህ ጥያቄ አልመርጥም። ሃይድሮጅንን ወደ ውስጡ ይመጥጣል፤ በፊተኛው ሙከራ የጠጣውን ቀላል ሃይድሮጅን በከባዱ ሙከራ ላይ ይተፋዋል።

ብርሃን_ኬሚ · ማክሰኞ ጠዋት 3፡00

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። 5 በመቶ ሩተኒየም በካርቦን ማግኘት እንችላለን። መጠኑን ሙሉ በሙሉ ብትጽፉልኝ? ከባዱ ውሃ ያለን 100 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው።

መምህር_ሞላሌ · ማክሰኞ 3፡45

100 ሚሊ ሊትር በደንብ ይበቃል። በየሙከራው 10 ሚሊ ሊትር።

ኮስቲክ ሶዳው 0.1 ሞላር ይሁን፤ ለ10 ሚሊ ሊትር 40 ሚሊ ግራም። ሶዳው ይዞት የሚገባው ቀላል ሃይድሮጅን ከባዱ ውሃ ውስጥ ካለው ዲዩተሪየም 0.1 በመቶ እንኳ አይሞላም፣ አትጨነቁበት። ሶዳው ያስፈለገው ቦሮሃይድራይዱ ካታሊስቱን ሳያይ ራሱን እንዳያጠፋ ነው። ክሪቮይና ጃኮብሰን ባወጡት ቀመር በ25 ዲግሪ፣ ፒኤች 10 ላይ ግማሹ በ1 ሰዓት አካባቢ ያልቃል፤ ፒኤች 9 ላይ በ6 ደቂቃ፤ ፒኤች 14 ላይ ግን ከአንድ ዓመት በላይ ይቆያል። 0.1 ሞላር ሶዳ ላይ በአንድ ቀን ሥራ የሚጎድለው ኢምንት ነው። በከባድ ውሃ ፒኤች ሜትር ከተጠቀማችሁ ንባቡ ላይ 0.4 ጨምሩ።

የቦሮሃይድራይድ ስቶክ በየውሃው ለየብቻ ይዘጋጅ፣ 0.25 ሞላር። ለ5 ሚሊ ሊትር 47.3 ሚሊ ግራም። ፍላስኩ ውስጥ 8 ሚሊ ሊትር ባለ ሶዳ ውሃና 5 ሚሊ ግራም ካታሊስት አድርጋችሁ ሙቀቱ እስኪረጋ 15 ደቂቃ አማስሉ። ከዚያ 2 ሚሊ ሊትሩን ስቶክ በሲሪንጅ በሴፕተሙ (በላስቲክ ክዳኑ) በኩል ውጉ። ሲሪንጁ የሚገፋው 2 ሚሊ ሊትር ቡሬቱ ላይ እንደ ጋዝ ይታያልና ቀንሱት።

ቦሮዲዩተራይድ (ሃይድሮጅኑ በዲዩተሪየም የተተካ ቦሮሃይድራይድ) ከገዛችሁ ደግሞ ሚዛኑን አትርሱ። ሞለኪውላዊ ክብደቱ 41.86 ነው፣ የተራው 37.83። እኩል ግራም ከመዘናችሁ 10 በመቶ ያነሰ ሞል አስገብታችኋል፤ ያን ጉድለት ብዙ ሰው አይሶቶፕ ብሎ ጽፎታል።

ጣርማበር · ማክሰኞ 4፡30

የቡሬቱን ነገር ልጨምር፣ ስህተቱ እዚያ ይበዛል።

ንባብ ከመውሰዳችሁ በፊት የቡሬቱን ውሃና የጎኑን ፈነል ውሃ እኩል አድርጉ። 10 ሴንቲሜትር ልዩነት 1 ኪሎፓስካል ያህል ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ይህ 1 በመቶ ነው፣ ደጋው ላይ ግን ግፊቱ አነስተኛ ስለሆነ 1.4 በመቶ ይሆናል። የሲሊኮን ቱቦ አትጠቀሙ፣ ሃይድሮጅን ያሳልፋል፤ ወፍራም የፕላስቲክ ቱቦ፣ አጭር። ፍሳሽ ለመፈተሽ ፈነሉን 30 ሴንቲሜትር ዝቅ አድርጋችሁ 10 ደቂቃ ተዉት፤ የቡሬቱ ውሃ ከቆመበት ከወረደ የሆነ ቦታ ይተነፍሳል፣ ብዙ ጊዜም የተወጋጋው ሴፕተም ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ይህን ሳታደርጉ የአይሶቶፕ ቁጥር አታውጡ፦ ካታሊስቱን ግማሽ አድርጋችሁ ድገሙት። ፍጥነቱም ግማሽ መሆን አለበት። ካልሆነ የምትለኩት ቦሮሃይድራይዱ ወደ ገጹ የሚደርስበትንና አረፋው ከገጹ የሚላቀቅበትን ፍጥነት ነው። ያን ጊዜ የሚታየው ልዩነት ወደ ውሃው ውፍረት ልዩነት ይወርዳል፤ ከባድ ውሃ በ20 ዲግሪ ከተራው 1.25 እጥፍ ያህል ወፍራም ነው። 1.2 ወይም 1.3 የሚል ውጤት ካያችሁ ስለ ቦንድ መሰበር ከመጻፋችሁ በፊት ስተረሩን ከ400 ወደ 1000 ዙር አንሱት። መብራት መሃል ላይ ከጠፋና ስተረሩ ከቆመ ያንን ሙከራ ጣሉት፣ አትጠግኑት።

ፍጥነቱን ከመስመሩ ቀጥ ያለ ክፍል ላይ ውሰዱ። መጀመሪያው ላይ ውሃው ራሱ ጋዝ እስኪጠግብ ይዘገያል፣ መጨረሻው ላይ ቦሮሃይድራይዱ ስለሚሳሳ መስመሩ ይጎብጣል። ከ10 እስከ 60 በመቶ ያለው ይበቃል።

ጋዙን በመስኮት አስወጡት። ሃይድሮጅን በአየር ውስጥ ከ4 እስከ 75 በመቶ ሲሆን ይፈነዳል፤ ብርድ ነው ተብሎ እዚያ ክፍል የከሰል ምድጃ አይገባም።

አንኮበር_ዳገት · ማክሰኞ 8፡20

ሁሉም ተስተካክሎ 2.4 ቢመጣ ታዲያ ትርጉሙ ግልጽ አይደለም? ፍጥነቱን የሚወስነው እርምጃ ላይ የውሃው የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ቦንድ ይሰበራል ማለት ነው። በናኖ ካታሊስት ላይ የሚወጡ ብዙ ጽሑፎችም በከባድ ውሃ ከ2 በላይ አግኝተው እንዲሁ ይላሉ።

መምህር_ሞላሌ · ማክሰኞ ማታ 2፡10

አንኮበር፣ ግማሹ ልክ ነው፤ ሌላው ግማሽ ግን ባንድ ቁጥር አይደረስበትም። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ነገሩ የሚጥመው እዚህ ነው።

ካታሊስት በሌለበት፣ አሲድ በሚያስኬደው ሃይድሮሊሲስ፣ ዴቪስ፣ ኪቢና ስዌን በ1960 ያሳተሙት ውጤት የተገላቢጦሽ ነበር፤ ቦሮዲዩተራይድ ከቦሮሃይድራይድ ይፈጥናል። ከባዱ ቀደመ። ቦንድ ሲሰበር ከባዱ ይዘገያል ብሎ ብቻ የተማረ ሰው ይደናገጣል። ነገር ግን ፕሮቶኑ መጥቶ ሲጣበቅ ቀሪዎቹ የቦሮን ቦንዶች ከጠበቁ፣ ወይም ከፍጥነት ወሳኙ እርምጃ በፊት ሚዛን ካለ፣ እንዲህ ይሆናል። የአይሶቶፕ ውጤት የቦንዶቹ ሁሉ ድምር ነው።

በብረት ገጽ ላይ ደግሞ ሌላ አለ። ሆልብሩክና ትዊስት በ1971 እንዳቀረቡት ገጹን እንደ ትንሽ ባትሪ አስቡት። ባንድ በኩል ቦሮሃይድራይዱ ሃይድሮጅኑን ገጹ ላይ ጥሎ ኤሌክትሮን ይሰጣል፤ በሌላ በኩል ውሃው ያንን ኤሌክትሮን ተቀብሎ ሃይድሮጅኑን ገጹ ላይ ያስቀምጣል። ሁለቱ ሃይድሮጅኖች ተገናኝተው ይወጣሉ። ስለዚህ ከሚወጣው ጋዝ ግማሹ ከቦሮኑ፣ ግማሹ ከውሃው ነው። የትኛው ወገን እንደሚጎትት በብረቱ፣ በሶዳው ብዛትና በሙቀቱ ይለዋወጣል።

አራቱንም የቦሮሃይድራይድና የውሃ ጥምረት ሳታዩ አትፍረዱ፦ ቀላል በቀላል ውሃ፣ ቀላል በከባድ ውሃ፣ ከባድ በቀላል ውሃ፣ ከባድ በከባድ ውሃ። ውሃው ሲለወጥ ፍጥነቱ በ2.4 ወርዶ፣ ቦሮኑ ላይ ያለው ሲለወጥ ግን ብዙም ካልተነካ፣ ያን ጊዜ የአንኮበር ንግግር እግር አገኘ። ሁለቱም ከጎተቱ፣ ሁለቱም ቦንዶች በአንድ እርምጃ እየተላቀቁ ሊሆን ይችላል። ለመመዘኛ ያህል፣ ከቦንዶቹ ንዝረት ሲሰላ የቦሮኑ ቦንድ በክፍል ሙቀት ከ4 ብዙም አያልፍም፣ የውሃው ግን ከዚያ ከፍ ይላል። ከዚህ በጣም የራቀ ቁጥር ካገኛችሁ መጀመሪያ ሳፋውን ፈትሹ።

እነዋሪ · ረቡዕ ጠዋት 3፡15

በመምህር ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እስካሁን ያወራነው ሁለት ፍላስክ ለየብቻ ስለማስኬድ ነው። ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ውሃ ውስጥ አንድ ሙከራ ሠርታችሁ ጋዙን በማስ ስፔክትሮሜትር ብታስለኩ የምታገኙት ሌላ ቁጥር ነው፤ ሃይድሮጅኑ ከገጹ ጋር ሲገናኝ የትኛውን አይሶቶፕ እንደሚመርጥ ይነግራችኋል፣ ያ እርምጃ ፍጥነቱን ባይወስንም እንኳ። ከባድ ውሃ መጀመሪያ በኤሌክትሮሊሲስ የተከማቸው በዚሁ ምርጫ ነው፤ ቀላሉ ቀድሞ በጋዝ ይወጣል፣ ከባዱ ውሃው ውስጥ ይቀራል። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ካልመጡ ስህተት ነው አትበሉ፤ ልዩነቱ ራሱ ስለ እርምጃዎቹ ቅደም ተከተል ይናገራል።

ከዚህ የሚከተል ጥንቃቄም አለ። ከባዱ ውሃ ውስጥ 1 በመቶ ተራ ውሃ ቢገባ፣ ገጹ ቀላሉን 5 ለ1 የሚመርጥ ከሆነ፣ ከውሃው በኩል የሚመጣው ጋዝ ውስጥ 5 በመቶ ያህል ሆኖ ይወጣል። እርጥብ ፒፔት ይህን ለማድረግ በቂ ነው።

ናሙናውን ስትልኩ ማጓጓዣው ጋዝ አርጎን ይሁን። ሂሊየም ክብደቱ 4 ስለሆነ ዲዩተሪየም ጋዙን ይሸፍነዋል። ክብደት 3 ላይ የሚታየውም ሁሉ ድብልቁ ኤችዲ (አንድ ቀላልና አንድ ከባድ ሃይድሮጅን ያለው ጋዝ) አይደለም፤ ተራ ሃይድሮጅን መሣሪያው ውስጥ ሦስት ሃይድሮጅን ያለው አየን ይፈጥራል። መጀመሪያ ንጹሕ ተራ ሃይድሮጅን በተለያየ ግፊት አስለክታችሁ ያንን ቀንሱ።

አንኮበር_ዳገት · ረቡዕ 4፡00

ገባኝ መምህር፣ ተቀብያለሁ። ቦሮኑ ላይ ያለው ሃይድሮጅን በመሃል ከውሃው ጋር ተለዋውጦ ቢሆንስ? ያን ጊዜ አራቱ ጥምረት ይደባለቃል።

መምህር_ሞላሌ · ረቡዕ 4፡40

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በሶዳ ውስጥ ብቻውን ሲሆን በቶሎ አይለዋወጥም፤ ብረቱ ገጽ ላይ ግን ተጣብቆ፣ ተለዋውጦ፣ ተመልሶ ወደ ውሃው ሊገባ ይችላል። የሚታየው በቦሮን 11 ኤንኤምአር (የቦሮኑን አቶም በማግኔት መስክ በሚያነብ መሣሪያ) ነው። ሪአክሽኑን ግማሽ ላይ አቁማችሁ ካታሊስቱን በማጣሪያ ለዩና ፈሳሹን አስለኩ። ያልተነካ ቦሮሃይድራይድ ከዜሮ በታች 42 አካባቢ ላይ አምስት ጥርስ ያለው ምልክት ይሰጣል፣ ቁመታቸው 1፣ 4፣ 6፣ 4፣ 1። አንድ ዲዩተሪየም ከገባበት አራት ዋና ጥርስ ይሆንና እያንዳንዱ በሦስት ይሰነጠቃል፣ ቦታውም በጥቂቱ ይንሸራተታል። እሱን ካያችሁ ፍጥነቱን ከመጀመሪያዎቹ 10 እና 20 በመቶ መካከል ብቻ ውሰዱ።

ብርሃን_ኬሚ · ረቡዕ 5፡30

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሳፋው ከዛሬ ማታ ጀምሮ ላብ ውስጥ ያድራል፤ ነገ በሩተኒየም ተራ፣ ከባድ፣ ከባድ፣ ተራ እንጀምራለን። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ከባዱን ውሃ ፍሪጅ ውስጥ ነው የምናስቀምጠው፣ ዛሬ ጠዋት ጠጥሮ አገኘነው። ተበላሽቷል? የተጠቀምንበትንስ መልሰን ልንሠራበት እንችላለን?

ጣርማበር · ረቡዕ 6፡10

አልተበላሸም። ከባድ ውሃ በ3.8 ዲግሪ ነው የሚረጋው፣ ፍሪጁ 4 ላይ ቢሆንም ጠርዝ ላይ ነው። ከፍሪጅ አውጡትና ጥብቅ ክዳን ባለው ጠርሙስ፣ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ግን መስኮት ሥር አታስቀምጡት። ከመክፈታችሁ በፊት የክፍሉን ሙቀት ይያዝ፤ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ሲከፈት የአየሩ እርጥበት ወደ ውስጥ ይገባል።

የተጠቀማችሁበትን አትድፉት። ካታሊስቱን አጣሩ፣ የቀረ ቦሮሃይድራይድ ካለ ጋዙ እስኪያቆም በመስኮት በኩል ይውጣ፣ ከዚያ በደረቅ ዕቃ ዲስቲል አድርጉት። የቦሮኑ ጨው (ቦሬት) እና ሶዳው ታች ይቀራሉ። ንጽሕናውን በሚዛን እወቁት፦ ባለ 10 ሚሊ ሊትር ቮልዩሜትሪክ ፍላስክ በ20 ዲግሪ እስከ ምልክቱ ሙሉና መዝኑ። ንጹሕ ከባድ ውሃ 11.05 ግራም ይመጣል፣ ተራው 9.98። እያንዳንዱ 1 በመቶ ተራ ውሃ 0.011 ግራም ገደማ ይቀንሳል፤ አራት አሃዝ የሚያነበው ሚዛን ይህን በግልጽ ያሳያል። ከ11.03 በታች የወረደውን ለካታሊስት ማጠቢያ አድርጉት፣ ለፍጥነት መለኪያ ግን አዲሱን ክፈቱ።